የእማዬ የመጨረሻ ጋን

በእኛ መንደር የቤት እመቤት ስትሞት ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ መሬቷ አይደለም፤ ስለ ጋኖቿ ነው። ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሁሉ እጁን ሊታጠብ የሚሄድ መስሎ ወደ ጓሮ ብቅ ይልና ምን ያህል ጋን እንደቀራት በዓይኑ ሰልሎ ይመለሳል። እናቴ የሞተችው በጸደይ ነበር። ጓሮዋ ውስጥ እስከ አንገታቸው የተቀበሩት ጋኖች ያለፈው ኅዳር በገዛ እጇ የሠራችውን ኪምቺ፣ በበርበሬ ተለውሶ የተብላላ ጎመን፣ እንደያዙ ነበሩ። ዘመድ አዝማድ ተካፈለው፤ እኔም ይሉኝታ ሳይዘኝ ወሰድሁ። የዝናቡ ወራት ሲጋመስ አንድ ጋን ብቻ ቀረ። እሱን አባባ ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጫኑበትና "ይህን ማንም እንዳይነካው" አሉ። አለቀ።

እኔ ጆምሬ እባላለሁ፤ የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነኝ። ያገባሁት እዚያው መንደር፣ ዳገቱ ላይ ካለው ቤት ስለሆነ ከእናቴ ጓሮ ርቄ አላውቅም። ወረዳችን ሄናም፣ በአገራችን ደቡብ ጫፍ፣ የጎመን አገር ነው። ሌላውን አገር በረዶ ሲሸፍነው የእኛ ጥቅል ጎመን ማሳው ላይ አረንጓዴ እንደሆነ ይከርማል። አባባ ዕድሜያቸውን የገፉት ይህን ጎመን እየዘሩ፣ እየነቀሉ፣ በጭነት መኪና እየሰደዱ ነው። እማዬ ደግሞ ከጎመኑ ምርጥ ምርጡን ለራሷ ታስቀርና ኅዳር ላይ የመንደሩን ሴቶች ጓሮዋ ትሰበስባለች።

ያ ቀን ይናፍቀኛል፤ ምን እደብቃለሁ። ዋዜማውን ለሁለት ለሁለት ተሰንጥቆ በባሕር ጨው ያደረውን ጎመን ጠዋት እናጥባለን። ከዚያ በርበሬው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ተብላልቶ የሟሟው የጨው ዓሣ በትልቅ ገበታ ይለወሳል። ሴቶቹ ገበታውን ከበው ቁጢጥ ብለው ቅጠል በቅጠል እየገለጡ ይቀባሉ፤ አፋቸውም አያርፍም፤ ሳይታማ የሚያድረው መንደሩ ውስጥ የሌለ ሰው ብቻ ነው። እሳቱ ላይ የአሳማ ሥጋ ይቀቀላል። እማዬ ከመሐል ለጋውን ቅጠል ቀንጠስ አድርጋ፣ ቀይ ቅመም ሞልታ፣ ሥጋ ጠቅልላበት በሩን አልፎ ለሚሄድ ሰው ሁሉ ታጎርሳለች። ፖስተኛው እንኳ ያን ቀን ደብዳቤ ባይኖረውም ይመጣ ነበር።

እማዬ ጓንት አታደርግም። ሌሎቹ ሴቶች የጎማ ጓንታቸውን እስከ ክርናቸው ሲስቡ እያየች፣ በጓንት የተሠራ ኪምቺ ጓንት ጓንት ይላል ትላቸዋለች። ማታ እጇ በበርበሬ ነዶ፣ የሩዝ እጣቢ ውስጥ ነክራው፣ "እፍፍ" እያለች ትቀመጣለች። በማግሥቱ ደግሞ ያው ናት። ሰው ሁሉ ከእሷ ጎመን፣ ከእሷ ጨው ወስዶ፣ እዚያው ገበታዋ ላይ አብሯት ሠርቶ ቤቱ ሲያደርሰው ጣዕሙ የእሷን አይሆንም። እኔም ልጇ ሆኜ አልሆነልኝም። ምክንያቱ እጇ ነው ይባል ነበር፤ እኛም እሱን አምነን ተቀመጥን።

አባባ ደግሞ ሌላ ሽታ ነበራቸው። ትሉ ጎመኑ ላይ ሲወጣ የመርጫውን ገንዳ በጀርባቸው አዝለው፣ አፋቸውን በፎጣ ጠቅልለው፣ ከንጋት እስከ ቀትር ሲረጩ ይውላሉ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቶ፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ነው፤ እኛ ልጆቹ ገላቸውን ሳይታጠቡ እንዳንጠጋቸው ተነግሮናል። የልጅነቴ የመጸው ሽታ ሁለት ነው፤ ነጭ ሽንኩርትና የተባይ መድኃኒት። አንዱ ብቻ ቢሸተኝ ዛሬም የጎደለ ነገር ያለ ይመስለኛል።

ከርጭት በኋላ ገንዳውን የሚያለቀልቁት ከቤታችን ኋላ ባለው ወንዝ ነው። ወንዝ ብዬ ላኩራራው እንጂ ጅረት ነው። ትንሽ ሳለሁ እማዬ ቀሚሷን ሰብስባ እዚያ ትገባና ከድንጋዩ ሥር ቀንድ አውጣ ትለቅማለች፤ ቀቅለን፣ ሥጋውን በመርፌ እየጎለጎልን እንበላዋለን። ሾርባው አረንጓዴ ነው፤ መራራ ነው፤ ግን ጣፋጭ ነው። ከዓመት ወደ ዓመት ቀንድ አውጣው እያነሰ ሄደና ታናሽ እህቴ ቦክሂ ስታድግ ከነጭራሹ ጠፋ። እማዬ ገንዳውን ሌላ ቦታ ያለቅልቁ ብላ ስትነዘንዛቸው አባባ "ውኃ ይሄዳል" ይላሉ። በዚህ ነገር እስከ ዕለተ ሞቷ ተጨቃጭቀዋል፤ ያሸነፈ የለም።

ቦክሂ የቤቱ ምሁር ናት። ግዋንግጁ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባክቴሪያ ታጠናለች። እማዬ ሥራዋን ለጎረቤት ማስረዳት ስላልቻለች "በዓይን የማይታይ ከብት ታረባለች" ትላቸው ነበር። እንዲያውም ከተማሩት ሰዎች ማብራሪያ ይሄኛው የተሻለ ይመስለኛል።

አንድ የበዓል ሰሞን ቦክሂ ስትመጣ ያለወትሮዋ ፈገግታዋ ከፊቷ አልጠፋ አለ። ምን ሆነሽ ስንላት፣ ባለፈው ከወሰደችው የእማዬ ኪምቺ ጭማቂ ባክቴሪያ ለይታ አውጥታ አባባ የሚረጩትን መድኃኒት እንደጨመረችበት ነገረችን። እማዬ ነጭ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠችው።

"ኪምቺዬ ላይ መርዝ ጨመርሽበት?"

"ለሙከራ ነው እኮ እማዬ።"

"ዩኒቨርሲቲ የላክሁሽ ለዚህ ነው? ለኪምቺዬ መርዝ ልታጠጪ?"

"ቆይ፣ ጨርሼ ልንገርሽ። በሉት እኮ። መርዙን ቆራርጠው በሉት። የሚበላ ሌላ ነገር ሲያጡ እሱን በሉት።"

እማዬ ትንሽ አሰበችና የጠየቀችው ጥያቄ ዛሬም ያስቀኛል። ምን አስርቧቸው ነው አለች። እሷ ቤት ያደገ ነገር ተርቦ መርዝ መብላቱ ከመርዙ ይልቅ አሳፈራት። ቦክሂ ምግባቸው ሲያልቅ መድኃኒቱን ሰባብረው ለኑሯቸው እንደሚያውሉት፣ የሌላ ሰው ኪምቺ ውስጥ ያሉትም ይህን እንደሚያደርጉ፣ የእማዬዎቹ ግን ካየቻቸው ሁሉ ፈጣኖቹ እንደሆኑ አስረዳቻት። "ፈጣኖቹ" የምትለዋን ቃል ስትሰማ እማዬ ቢላዋዋን አነሳች፤ ቁጣው አለቀ። በማግሥቱ መንደሩ በሙሉ ሰምቶ ነበር።

ነገሩን ክፉኛ የያዘችው የአባባ ታናሽ እህት፣ አክስቴ ማልሱን ናት። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ከእኛ ቤት ጎን ትኖራለች፤ ግንቡ አጭር ስለሆነ ስናስነጥስ "ይማርሽ" ትለናለች። የሷም ኪምቺ እንዲመረመር አስገደደች። ውጤቱን ለመስማት ቦክሂን ስልክ ላይ ስታደርቃት ከረመችና "የእኔዎቹ ሰነፎች ናቸው ማለትሽ ነው?" ብላ ተኮሳትራ ወር ያህል አኮረፈቻት። አባባ ግን ነገሩን የወሰዱት እንደ ገበሬ ነው። የሚበላው ካለማ ትንሽ ጨመር አድርጎ መርጨት ነው አሉ። እማዬ በፎጣ መታቻቸው።

ከዚያ ቦክሂ የጉድጓዱን ነገር አመጣች። የገበሬዎች ማኅበር መጋዘን አጠገብ ውኃ የማያሰርግ ጉድጓድ አስቆፈረች፤ በአፈርና በሩዝ ጭድ አስሞላችው። ሐሳቧ ገበሬው የመርጫውን እጣቢ ወንዝ ከሚደፋ እዚያ እንዲደፋ፣ እሷም የእማዬን ባክቴሪያዎች በብዛት አራብታ እንድትለቅበትና መርዙን እንዲጨርሱት ነው። ወንዶቹ ሳቁ። እስከዚያ ድረስ ገንዳ ተሸክሞ ማን ይሄዳል፣ ወንዙ በደጅ እያለ? በጣም የሳቁት አባባ ናቸው። እማዬ ጉድጓዱ ሲያልቅ አየችው፤ ሥራ ሲጀምር ግን አላየችም። ልቧ ነው የቆመው፣ ወጥ ቤቷ ውስጥ፣ ራዲሽ የሚባለውን ነጭ ሥራሥር እየከተፈች።

በዚያው ዓመት በዝናቡ ወራት ማብቂያ አውሎ ነፋስ መጥቶ ግዋንግጁን መብራት አሳጣት። የዩኒቨርሲቲው መጠባበቂያ ጄኔሬተርም ውኃ ገባበት። መብራቱ ተመልሶ የቦክሂ ማቀዝቀዣ ሲከፈት የእማዬ ባክቴሪያዎች ቀልጠው፣ ተበላሽተው፣ ሌላ ነገር ወርሷቸው ተገኙ። ለክፉ ቀን የተቀመጠው መጠባበቂያም እዚያው ማቀዝቀዣ ውስጥ ነበር። ስትደውልልኝ አለቀሰች። እኔም ለምን ሌላ ቦታ አላስቀመጥሽም ብዬ ቁስሏ ላይ ጨው ነሰነስሁበት፤ አፌ እንዲህ ነው። አፍንጫዋን ጠረግ አድርጋ "እትዬ፣ ያ ጋን አለ አይደል?" አለችኝ።

ጋኑ አለ። አባባ ግን አሉበት። ጠዋት ጠዋት ሄደው ክዳኑ ላይ የወደቀውን ቅጠል ያነሳሉ፤ ድንጋዩን ያስተካክላሉ፤ ቆመው ቆመው ይመለሳሉ። እኔ የምወስድላቸውን የራሴን ኪምቺ ይበላሉ። ጥሩ ነው አይሉም፤ መጥፎ ነው አይሉም። እናቴ እያለች ግን "ጨው በዛ" እያሉ በየቀኑ ያማርሩ ነበር። ሰው ማማረሩን ሲተው እንዴት እንደሚያስፈራ ያየሁት ያኔ ነው።

ቢሆንም ነገርኳቸው። ሌላ ኪምቺ እንደማይሆንላት፣ ብዙዎችን ሞክራ ከእማዬ ጋር የሚስተካከል እንዳላገኘች፣ ይህ ጋን ካለቀ ሌላ እንደሌለ አስረዳኋቸው። አባባ ወለሉ ላይ ተቀምጠው የዛፍ ለውዝ ይልጡ ነበር። የያዙትን ለውዝ አስቀምጠው "ቦክሂ ናት የፈለገችው? ራሷ?" አሉ። አዎ አልኳቸው። "እንግዲያስ ትምጣ፤ ልጄ የእናቷን ኪምቺ ጠይቃ እምቢ ልላት ነው?" ብለው ወደ ለውዛቸው ተመለሱ። ለቦክሂ ስነግራት ደግማ ደጋግማ አስማለችኝ። እሷም የእሳቸውን ድንጋይ ታውቀዋለች።

የመጣችው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። በባሌ ፒካፕ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ተቀበልኳት። በረዶ የተሞላ ሳጥን፣ ከጀርም ጸድተው የታሸጉ ጠርሙሶች፣ ጫፉ ላይ ጥጥ የተጠቀለለበት እንጨት፣ ነጭ ጓንት ይዛለች። በመንገድ ላይ እንደ ልጅ ትለፈልፍ ነበር። ከጋኑ ከላይም፣ ከመሐልም፣ ከሥርም ትቀዳለች፤ የቀረውን ኪምቺ አትነካም፤ ክዳኑን መልሳ ለአባባ ትተውላቸዋለች። በዚህ ጊዜ ሦስት የተለያየ ቦታ አስቀምጣለሁ አለች። እማዬ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

ወደ ግቢው ስንታጠፍ ጭስ አየሁ። ትልቁ የብረት ጎላ ደጅ እሳት ላይ ተጥዷል። አባባ የበዓል ሸሚዛቸውን ለብሰዋል፤ አክስቴ ማልሱን ፊቷ በእንፋሎት ቀልቶ በትልቅ ጭልፋ ታማስላለች። የሽታው ነገር ቀድሞ የገባኝ እኔን ነው። አገራችን ውስጥ ዓመት ያለፈው ኪምቺ በአሳማ ጎድን ሲቀቀል የሚሸተው ሽታ ነው፤ ክብር ለሚገባው እንግዳ የሚቀርብ፣ ከሩቅ የመጣችን ልጅ የሚቀበሉበት። ቦክሂ ሳጥኗን እንደያዘች ቆመች።

ሁለቱ ከሌሊቱ ጀምረው አስበውበታል። ያረጀ፣ የኮመጠጠ፣ ላዩ ላይ ነጭ ነገር የሠራ ኪምቺ ለልጅ ጥሬውን በሣህን አይሰጥም፤ ነውር ነው። አባባ ጎድኑን ራሳቸው ገበያ ወርደው ገዙ። ጋኑን እስከ ሥሩ አወጡት፤ ጭማቂዋ እንኳ አንዲት ጠብታ እንዳትባክን ጎላው ውስጥ ገለበጡት። አክስቴ ማልሱን ባዶውን ጋን ከመሬት አስወጥታ፣ አጥባ፣ የሩዝ ጭድ አንድዳበት፣ በጭሱ አጥናው ፀሐይ ላይ ገልብጣዋለች፤ ጋን የሚጸዳው እንደዚያ ነው። አንድም ያጠፉት ነገር የለም። ሁሉንም እንደ ወጉ ነው ያደረጉት።

አፌን ከፈትሁ። ምን ልል እንደነበር አላውቅም፤ ደግ ነገር እንዳልነበር ግን አውቃለሁ። ቦክሂ በኋላዬ ወገቤን ቆነጠጠችኝ፤ ሰንበር እስኪወጣ።

"ደረስሽ?" አሉ አባባ። "ሲበስል ነው የደረስሽው። ቁጭ በዪ።"

ቦክሂ መጀመሪያ ጓሮ ሄደች። እጇን ልትታጠብ መስሏቸዋል። እኔ በበሩ ክፍተት አየኋት። የተገለበጠውን ጋን አቀናችው፤ በጉልበቷ ተንበርክካ ራሷን አስገባች፤ በጥጥ እንጨት የውስጡን ግድግዳ ጠረገች። ጥጡን ስታወጣው ጥላሸት ነው። ጋኑ አሁንም ይሞቃል። እጇን አንገቱ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየችና ተነስታ መጣች።

ምግብ ቀረበ። አባባ ከጎላው ረጅሙን የጎመን ቅጠል አወጡና በእጃቸው በቁመቱ ቀደዱት፤ ጎድን ላይ ጠቅልለው የቦክሂ ሩዝ ላይ አኖሩላት። እንዲህ የምታደርገው እማዬ ነበረች። እሳቸው ሲያደርጉት አይቼ አላውቅም፤ እሷን ሲያዩ እንደኖሩም አላውቅም ነበር። ቦክሂ በላች። ፊቷን እሷ ስለደፋችው እኔ አንገቴን ቀና ማድረግ ነበረብኝ፤ ሁለታችንም ብናለቅስ ማን ይሸፍነናል? ጣዕሙ የእማዬ ነው። ጨው በዝቶበታል። አባባ ግን "ጨው በዛ" አላሉም፤ አጥንቱን ሳይቀር መጠጡት።

ጠግበን ስናበቃ አባባ የቦክሂን ሳጥን ተመለከቱና የመጣሽበትን አትረሺ አሏት። ጎላው ውስጥ የቀረው የሷ ድርሻ ነው፤ ለዚያ ብለው ነው ብዙ ያልበሉት። ይህን ጊዜ ዝም ማለት አቃተኝ፤ ቢሆንም እንደምንም ለስላሳ አድርጌ፣ "አባባ፣ ከተቀቀለ በኋላ እንኳ ያ ነገር..." ብዬ ጀመርሁ።

ከአባባ በፊት አክስቴ ማልሱን አቋረጠችኝ።

"መርዝ ያልገደላቸውን እሳት ይገድላቸዋል እንዴ? አንቺ ደግሞ። የወንድሜ ሚስት ቤት ያደጉ እኮ ናቸው።"

አባባ ሳቁ። ከቀብሩ ወዲህ ድምፅ አውጥተው ሲስቁ ያ መጀመሪያው ነው። ቦክሂን ተመለከቷት፤ እውነት አይደለም ወይ እንደማለት። እኔም ተመለከትኋት።

"አይገድላቸውም አባባ" አለች ቦክሂ።

ከዚያ ነጩን ጓንት አደረገች። ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ከእሽጋቸው አወጣች። ከጎላው ከላይ ቀዳች፤ ከመሐል ቀዳች፤ ከሥር ቀዳች። ክዳናቸውን አጠበቀች፤ ቀኑን ጻፈችባቸው፤ ጠርሙስ በእጅ የማይያዝ ትኩስ ስለነበር በፎጣ እየያዘች በረዶው ውስጥ ደረደረቻቸው። በረዶው ይጮህ ነበር። አባባ እጃቸውን ከኋላቸው አጣምረው፣ ልክ ጋኑ ዘንድ እንደሚቆሙት ቆመው አዩ። ስትጨርስ የሳጥኑን ክዳን ራሳቸው ዘጉላት፤ እስከ ፒካፑም ራሳቸው ተሸከሙት።

መንደሩን እንደወጣን ፈነዳሁ። ያን ሁሉ ዓመት የለፋሽበት ሥራ አይደለም ወይ፣ ለምን አትነግሪያቸውም፣ ነገ ቢሰሙስ አልኳት። መስኮቱን እያየች ነበር።

"ምን ብዬ ልንገራቸው እትዬ? እማዬን ቀቀሏት ልበላቸው?"

መናኸሪያው እስክንደርስ ሳጥኑን ጭኗ ላይ ይዛ ሄደች። ጠርሙሶቹን አልጣለቻቸውም። ማታ ማታ አንድ አንድ እያሞቀች በሩዝ እንደበላቻቸው የነገረችኝ በኋላ ነው።

ጉድጓዱ ባዶ አልቀረም። ቦክሂ ከእኔ ጋን ወሰደች፤ ከአክስቴ ከማልሱን ሰነፎችም ወሰደች፤ አራብታ ለቀቀችበት። ይሠራሉ አለችኝ፤ ይዘገያሉ እንጂ ይሠራሉ። የእማዬዎቹ በጥቂት ቀን የሚጨርሱትን እነዚህ ሳምንታት እየፈጀባቸው፣ አንዳንዱንም እየተዉት ነው። የማን እንደሆኑ ለአባባ አልነገረችም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። ለምን ይጠይቃሉ? ራሳቸው ጭነው ልከዋታል።

በሚቀጥለው መጸው ትሉ ወጣ፤ አባባም መርጫቸውን አዘሉ። ያን ጊዜ መንደሩ ያወራ የነበረው ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ሽማግሌው መድኃኒቱን በጣም አቅጥነው መበጥበጥ ጀምረዋል፤ የጎመናቸውን ዳር ዳር ትል እየበላው ምንም አይሉም። ሁለተኛው፣ ርጭቱ ሲያልቅ ወንዙን በደጃቸው እያለፉት፣ በዚያ ዕድሜያቸው ገንዳውን በጀርባቸው እንደተሸከሙ እስከ መጋዘኑ ይሄዳሉ። መጃጀት ነው ያሉም ነበሩ። ሌሎቹ ወንዶች መጀመሪያ አሾፉ፤ ኋላ ሽማግሌው ዳገቱን እያቃሰቱ ሲወጡ በፒካፕ አልፈዋቸው ወንዝ መውረድ አሳፈራቸው መሰለኝ፣ አንድ ሁለቱ መከተል ጀመሩ።

እኔ ማዳበሪያ ልገዛ መጋዘኑ ሄጄ ነው ያየኋቸው። ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። ገንዳውን አለቀለቁ፤ እጣቢውን ጭዱ ላይ ቀስ አድርገው፣ እንዳይረጭ፣ ቡና ቡና የመሰለውን አፈር በእግራቸው እያስተካከሉ ደፉ። ከዚያ የሚሄዱ መስሎኝ ልጠራቸው ስል ጉልበታቸውን ይዘው ቁጢጥ አሉ። ፎጣውን ከአፋቸው አወረዱ።

"የጆምሬ እናት" አሉ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚጠሯት እንደዚያ ነው። "ዛሬ ትንሽ ነው ያመጣሁት። ቀስ እያልሽ ብዪ።"

ማዳበሪያውን ሳልገዛ በመጋዘኑ ጀርባ ዞሬ ወጣሁ። እስከ ቤቴ ድረስ እያለቀስሁ ሄድሁ፤ ሰው ሲያየኝም አልተደበቅሁም። እኔ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ያሉት የማን እንደሆኑ አውቃለሁ። የእኔና የአክስቴ ናቸው። እሳቸው እስኪሞቱ ድረስ ይህን ከእኔ አፍ አይሰሙትም።